የደበቅኩት ልኬት

አየር ጤና፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪሙ ሊጥ በሚመስል ነገር የታካሚውን አፍ ልክ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ጄሶ በጥብጬ ልኩ ላይ አፈስበታለሁ። ሲደርቅ የሰውየው ጥርስ ከነላንቃው፣ ከነጠማማው መዳፌ ላይ ይቀመጣል። ጥርሱን ለማቃናት ብሬስ የሚባለውን ሽቦ ላሰረ ሰው ይህ ቅርጽ በየጥቂት ወሩ ይሠራለታል። የቀድሞውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀምጬ በካሊፐር እለካለሁ። ጥርስ ሲሄድ አይታይም። ባለቤቱ በየቀኑ መስታወት ፊት ቢቆምም አያየውም። በወር አንድ ሚሊሜትር ከሄደ ሮጠ ማለት ነው። ያቺን አንድ ሚሊሜትር ፈልጎ የሚያገኛት ሰው በዚያ ክሊኒክ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ትንሽ ይነፋል።

ዶክተሩና እኔ እኩዮች ነን። ክሊኒኩን ሲከፍት አብሬው ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን የታካሚ ወንበር እያረፍን ደረጃውን ያወጣነው ሁለታችን ነን። ከሰዓት በኋላ ታካሚ ጋብ ሲል የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ እኔ ክፍል ይመጣና በሩን ተደግፎ፣

«እሺ፣ ስንት አለ?» ይለኛል።

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

ጄሶውን ከእጄ ይቀበልና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል። ከታች ጋራዥ አለ፤ ላሜራ ሲቀጠቀጥ ይውላል። እኛ ግን አንሰማውም። «እዚህ ጋ አይተኸዋል? ወደ ውስጥ ዞሯል» ይላል። «አይቼዋለሁ» እላለሁ። አንዳንዴ ስለ አንድ ሰው አንድ ጥርስ ብቻ ግማሽ ሰዓት እናወራለን። ከሚስቴ በቀር እንደዚያ ልብ ብሎ የሚሰማኝ ሰው አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ሚስቴም እንደዚያ አትሰማኝም።

ልጅቱ ለሥራ የመጣችው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ጫማዋ ጭቃ ሆኖ ትደርስና በሩ ላይ ቆማ በሶፍት ጠርጋው ትገባለች። ዶክተሩ አዲስ ስካነር አስመጥቶ ነበር፤ እሷም የተቀጠረችው ለእሱ ነው። ዕቃው ወፈር ያለ የጥርስ ብሩሽ ያህላል። አፍ ውስጥ ታዞረዋለች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥርሱ በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይደረደራል። ሊጥ የለ፣ ጄሶ የለ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ።

«ኑ እዩ! ሁላችሁም ኑ!» ብሎ ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን ተጣራ። የሪሴፕሽኗ ሴት ሳትቀር መጣች። ልጅቱ ጥርሱን በአንድ ጣቷ ገለበጠችው፤ ላንቃውን ከታች፣ መንጋጋውን ከኋላ አሳየችን።

«በዚህ በኩልስ አዙሪው እስቲ» ይላታል ዶክተሩ።

ታዞርለታለች።

እኔ ከኋላ ቆሜ የማየው የእሱን ማጅራት ነበር። ያ ማጅራት እንደዚያ ሲጎነበስ የማውቀው በእኔ ጄሶ ላይ ነው።

ክፉ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነችም። ወደ ክፍሏ ስገባ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ትላለች። የጾም ምሳዋን ስትከፍት መጀመሪያ ለእኔ ታቀርባለች። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያሉትን መደርደሪያዎች፣ በዓመት በዓመት ያስቀመጥኳቸውን የጄሶ ቅርጾች ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና፣ «ይህን ሁሉ በእጅዎ ነው?» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኮርቼ እውል ነበር። ከእሷ ስሰማው ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ የምታየኝ መሰለኝ።

የሻይ ብርጭቆው መንገዱን ቀየረ። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ ሲወጣ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል፤ እጄን ጠርጌ እጠብቃለሁ፤ ጫማው በሬን አልፎ ወደ እሷ ክፍል ይሄዳል። ቀጥሎ ሳቁ ይሰማል። መብራት ሲጠፋ ልቤ እንዴት ደስ ይላት እንደነበር አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። ጄሶ መብራት አይፈልግም ብዬ እየተንጎማለልኩ ኮሪደሩን አቋርጣለሁ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው ለካ። ዶክተሩና እሷ በጨለማ ውስጥ ፊታቸው በስክሪኑ ብርሃን በርቶ ያወራሉ።

የሚሰማኝን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ግን ራት ላይ ልጅቱን ሳማ ሰምታ ሰምታ ሰለቻት። አንድ ቀን ማሽኑ ጥርስን ያለ ስሜት እንደሚለካ ሳስረዳት ጉርሻዋን አስቀመጠችና፣

«ቀንተሃል» አለችኝ።

«በማን? በዚች ሕፃን?»

«በዚች ሕፃን» አለች። ጉርሻዋን አንስታ ጎረሰች።

ተቆጣሁ። ስለ ሥራው ነው የማስበው፣ በሙያው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ የቀረበ ሰው ነኝ፣ ምን ያስቀናኛል አልኳት። ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

በዚያ ወቅት አንዲት ታካሚ ሕክምና ጀመረች። ጦር ኃይሎች አካባቢ በአባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ነች። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ስትስቅ የሻርፗን ጫፍ ወደ አፏ ትስባለች፤ ልማድ ሆኖባት እጇ ቀድሟት ይሄዳል። ዶክተሩ፣ «ሁለቱንም ስልት ለሦስት ወር እንሞክርና እናስተያይ። ማሽኑን ማመን እፈልጋለሁ» ስላለ የእሷን ጥርስ ልጅቱም ስካን አደረገች፣ እኔም በጄሶ ሠራሁ። የእኔ ሊጥ ወደ ላይ ሊላት ሲል እንባዋን እየጠረገች ታገሠች። ቅርጹ ሲደርቅ ጠርቼ አሳየኋት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ወላሂ እንደዚህ ናቸው?» አለች ደንግጣ።

«እንደዚህ አይቀሩም» አልኳት። «ሲያልቅ ሻርፕሽን ለብርድ ብቻ ነው የምትጠቀሚበት።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ወደ እኔ ክፍል ጎራ ትል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከላይ፣ ከክራንቻዎቿ ኋላ ያሉ ሁለት ጥርሶች፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ፣ ተነቅለው ቦታ ተከፈተ። ክራንቻው በዚያ ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፊቶቹ ተከትለውት ይገባሉ። ክራንቻውን የሚስበው ኋላ ያለው መንጋጋ ጥርስ ነው። ገመድ ሲሳብ ግን ሳቢውም ሊንሸራተት ይችላል። መንጋጋው ወደ ፊት ከመጣ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ግን ከተሳሳተው ወገን ይዘጋል፤ የፊት ጥርሶቹ የሚገቡበት ቦታ ያልቃል። ስለዚህ ክፍተቱ ስንት ዘጋ ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ማን ሄዶ ነው የዘጋው ማለት ያስፈልጋል።

ሦስት ወር ሲሞላ ሁለታችንም ለካን። የልጅቱ ማሽን ክራንቻው ሦስት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሄዷል፣ መንጋጋው ንቅንቅ አላለም አለ። እኔ ጄሶዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ላንቃ ላይ፣ ከፊት ጥርሶች ኋላ፣ ምላሳችን ሲነካቸው የሚታወቁን ሽብሽቦች አሉ። ከእነሱ ውስጥ የኋለኞቹ ብዙም ቦታ አይለቁም፤ እኔ ሁልጊዜ ከእነሱ ተነስቼ ነው የምለካው። ለካሁ። ክራንቻው አንድ ተኩል ወደ ኋላ ሄዷል። መንጋጋው አንድ ተኩል ወደ ፊት መጥቷል። እንደገና ለካሁ። ሦስተኛ ጊዜም ለካሁ።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተሩ የቀድሞውንና የአሁኑን ምስል ሲደራርብ ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ የኋላ ጥርሶቹን በኋላ ጥርሶቹ ላይ ያስቀምጣል። ታክሲ ተራ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠህ አጠገብህ ያለው ሲንቀሳቀስ አንተ የሄድክ የሚመስልህ ጊዜ አለ፤ የመብራት ምሰሶውን ካላየህ ማን እንደሄደ አታውቅም። ላንቃው ምሰሶው ነው። ልጅቱ ምሰሶውን ለማሽኑ አላሳየችውም።

ዶክተሩ መጣ። ወደ እኔ ክፍል! ሻይ ግን አልያዘም፣ ቸኩሏል።

«ክፍተቱ ስንት ዘጋ?»

«ሦስት» አልኩ።

«የእሷም ሦስት!» ብሎ ጠረጴዛዬን በመዳፉ መታ። «ልክ በልክ! በቃ፣ ከእንግዲህ ለብሬስ ጄሶ አያስፈልግም። አንተም ዕረፍ፤ አርቴፊሻል ጥርሱን ብቻ ያዝ።»

አፌን ከፍቼ ነበር። «መንጋጋው ግን» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። «አንተም ዕረፍ» የምትለዋ ቀድማ ልቤ ውስጥ ገባች። አፌን ዘጋሁ። ዶክተሩ ወጣ። ሁለቱን ጄሶዎች መደርደሪያው ላይ መለስኩና ቁጭ አልኩ። ያኔ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ጣፈጠኝ። እሷ የማታውቀውን፣ ማሽኑ የማያውቀውን፣ ዶክተሩ የማያውቀውን ነገር ለብቻዬ ይዣለሁ። ይታያል፣ አልኩ በሆዴ። ጊዜው ሲደርስ ማን እንደሚያውቅ ይታያል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ላፕቶፕዋን አቅፋ ወደ ክፍሌ መጣች።

«ጋሼ፣ ልጠይቅዎት? እርስዎ ሁለቱን ሲያስተያዩ ከየት ነበር የሚነሱት? ይህ ነገር የዚያችን ታካሚ መንጋጋ ጭራሽ አልሄደም ይለኛል፤ ትንሽ ደስ አላለኝም።»

ዓይኗ ውስጥ ተንኮል አልነበረም። መማር የፈለገች ልጅ ነበረች። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳርፌ «ከዚህ» ማለት ብቻ።

«ማሽኑ ያውቅ የለም እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች፤ የቀለድኩ መሰላት። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ እንዳልረበሽ።

ወራቱ ሄዱ። ታካሚዋ ስትመጣ ስካን ትደረጋለች፤ ዶክተሩ ቀለም የተቀባውን ምስል እያየ ራሱን በደስታ ይነቀንቃል፤ ክራንቻው እየሄደ ነው፣ መንጋጋው ቆሟል ይባላል። እኔ ክፍሌ ውስጥ አርቴፊሻል ጥርስ እየሞረድኩ እሰማለሁ። አንዳንድ ቀን ነገ እናገራለሁ እላለሁ። በማግስቱ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ለእንግዳ ሐኪም፣ «ይህቺ ልጅ ባትኖር ምን እሆን ነበር» ሲል እሰማና ወደ ሙረዳዬ እመለሳለሁ።

ስድስተኛው ወር ላይ ታካሚዋ እንደልማዷ ወደ እኔ ገባች። ረመዳን ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። ፊቷ ግን ፈክቷል።

«ጋሼ፣ እዩልኝ፣ ክፍተቱ ሊዘጋ ነው!» ብላ አፏን ከፈተችልኝ።

አየሁ። በየጎኑ የቀረው ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። የፊት ጥርሶቿ እንደ ድሮው ወጥተው ቆመዋል።

«የፊቶቹ መቼ ነው የሚገቡት?» አለችኝ። «ቦታው ሲያልቅ ወዴት ይገባሉ ብዬ ጨነቀኝ። ዶክተሩን ልጠይቅ አልኩና ሞኝ መሰልኩ ብዬ ተውኩት።»

ሞኝ አልነበረችም። በዚያ ክሊኒክ ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረች።

«ይገባሉ» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» አለች። ሻርፗን ወደ አፏ ስባ ፈገግ አለችና ሄደች።

ያን ቀን ከአየር ጤና እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ለሚስቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «ልጅቷ የእኛ ልጅ ብትሆንስ?» አለችኝ። የቷን ልጅ እንደምትል አልጠየቅኳትም። ሁለቷም ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ታካሚ ከመግባቱ በፊት ስለ ሳምንቱ ሥራ የምንነጋገርባት ሰዓት አለች። ሁለቱን ጄሶዎች በጨርቅ ጠቅልዬ ገባሁ። ዶክተሩን ለብቻው ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር። አልጠራሁትም። ለታካሚዋ ብዬ ነው የምናገረው እያልኩ ራሴን ባታልልም ሁሉም በተቀመጡበት፣ ልጅቱ ባለችበት መሆኑን መርጬዋለሁ።

«ማሽኑ ተሳስቷል» አልኩ።

ጄሶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አስረዳሁ። መንጋጋው እንደመጣ፣ ቦታው እንደተበላ፣ ምስሉ በምን ላይ ተደግፎ እንደተደራረበ ነገርኳቸው። ድምፄ ያምር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ይመስል ነበር። የልጅቱ ፊት ልውጥ አለ። ትከራከራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትከራከር መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ላፕቶፕዋን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ላንቃው ላይ የማይንቀሳቀሱት የትኞቹ ናቸው? ያሳዩኝ።»

አሳየኋት። በኋለኞቹ ሽብሽቦች ጫፍና በላንቃው መሃል ነጥብ ነጥብ አደረገችና እንደገና ደራረበችው። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በግራና በቀኝ አረንጓዴ የነበሩት መንጋጋዎች ቀይ ሆኑ፤ ሄደዋል ማለት ነው።

«በሦስተኛው ወር አንድ ነጥብ አራት» አለች በዝቅታ። «የእርስዎስ?»

«አንድ ተኩል።»

«ልክ ነበሩ ጋሼ» አለችኝ። ቅያሜ የለው፣ ምን የለው። የገረማት ብቻ ይመስላል። «በእጅዎ!»

ማንም ሰው እንደዚያ አድንቆኝ አያውቅም፤ ያን ሰዓት ግን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ አንዱን ጄሶ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ገለበጠው። ከሥሩ በእርሳስ ቀን እጽፋለሁ፤ የሠራሁበትን ቀንና የለካሁትን ቁጥር። የእኔው ጽሑፍ ነው። ለረጅም ጊዜ አነበበው።

«ይህን የለካኸው ያኔ ነው?»

«ያኔ ነው።»

«እኔ መጥቼ ክፍተቱ ስንት ዘጋ ስልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልጅቱ ቀድማ ተናገረች። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የመረጠውን ሳላጣራ ነው ያመንኩት። ማጣራት የእኔ ሥራ ነበር» አለች። ጠይቃኝ እንደነበር፣ በሳቅ እንደሸኘኋት አልተናገረችም። ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ቀረች። ሸፈነችልኝ። በዚያች ደቂቃ ከመቼውም ይልቅ ቀናሁባት። ሙያውን እማራለሁ፤ ይህን ግን ከየት አመጣዋለሁ?

«ጠይቃኝ ነበር» አልኩ። «ማሽኑ ያውቅ የለም ብዬ መለስኳት።»

ዶክተሩ ጄሶውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አልጮኸም። «አሥራ ስድስት ዓመት በሬን ዘግቼ የምሄደው አንተን አምኜ ነው» አለ። «ለታካሚዋ አንተ ራስህ ትነግራታለህ።»

ሰኞ መጣች። ዶክተሩ አጠገቤ ቆሟል፤ ልጅቱም ነበረች። መንጋጋዎቿ ወደ ፊት እንደመጡ፣ የፊቶቹ የሚገቡበት ቦታ እንደጠበበ፣ ላንቃዋ አጥንት ላይ ትናንሽ ብሎኖች ተደርገው መንጋጋዎቹ ወደ ኋላ እንደሚመለሱ፣ ሕክምናው እንደሚረዝም አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ባለፈው ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይገባሉ አሉኝ?»

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበር። ስለ ሥራ ክፍፍል፣ ስለ መሣሪያው አዲስነት ልነግራት ነበር። አልወጣ አለኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

«በእኔ?»

«በእሷ» ብዬ ልጅቱን አሳየኋት።

ታካሚዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። የሻርፗ ጫፍ ወደ አፏ ሄደ፤ እየሳቀች አልነበረም።

«እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ?» አለች።

ሕክምናዋን አላቋረጠችም፤ ብሎኖቹ ገቡላት፤ ብዙ ወራት ተጨመሩባት። ወደ እኔ ክፍል ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጎራ አላለችም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ በአክብሮት፣ ሳትቆም።

ዶክተሩ አላባረረኝም። ብዙ ሰው ይህን ምሕረት ይለዋል። ለእኔ ግን ኮሪደሩን አልፎ ሲሄድ የጫማውን ድምፅ እየሰማሁ መኖር ቀላል አልነበረም። ልኬት በሁለት ሰው እንዲረጋገጥ አዘዘ፤ ስለዚህ ወንበሬን ወደ ልጅቱ ክፍል ወሰድኩ። ሃምሳ ዓመት በተጠጋ እጄ ማውስ መያዝ ጀመርኩ። ነጥቡን ሽብሽቡ ጫፍ ላይ ላስቀምጥ ስል ቀስቱ ይዘልብኛል፣ ጉንጩ ላይ ያርፋል። እሷ አትስቅም። «ቀስ ብለው ጋሼ፣ ይመጣል» ትለኛለች። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፤ የፊተኛው ሽብሽብ ጥርሶች ሲጎተቱ አብሮ እንደሚጎተት፣ የኋለኛው እንደሚሻል፣ ዕድሜ ሲገፋ ምን እንደሚሆን። ደብተር ላይ ጻፈችው። ጎበዝ ነበረች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ እኔ በዓመታት የለቀምኩትን ያዘችው፤ እኔ ግን ፋይል ማስቀመጡን እንኳ ገና እሷን እየጠየቅኩ ነበር። ተማርኩ ብዬ ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ትንሽ ለዘብ አለ፤ ምክንያቱም አሁን የምቀናበትን ነገር በቅርብ አየዋለሁ፣ ምን ያህል ሥራ እንዳለበትም አያለሁ።

በዓመቱ ልጅቱ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ኬክ ተቆረሰ። ዶክተሩ ሲናገር ድምፁ ሰለለ፤ «እንደ ልጄ ነች» አለ። እኔ ኬኬን ይዤ ቆሜ፣ እኔ ብሄድ ምን ይል ይሆን እያልኩ አሰብኩ። አዎ፣ በዚያች ሰዓትም። ስንሰነባበት እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣

«ጋሼ፣ የዚያች ልጅ ብሬስ ሲወልቅ ይደውሉልኝ። ቁጥሩን መስማት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ደወልኩላት። የታካሚዋን የመጨረሻ ስካን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተችልኝ። ብሬሱ ሲወልቅ መስታወት ሰጧት። የሪሴፕሽኗ ሴት የሆነ ነገር ተናግራ አሳቀቻትና ሳቋ ክፍሌ ድረስ ተሰማኝ። አንገቴን በበሩ አውጥቼ አየሁ። ሁለቱም እጆቿ ቦርሳዋ ላይ ነበሩ፤ ጥርሶቿ በሙሉ ይታያሉ። እኔን ስታይ ሳቋን አላቆመችም፤ አላራዘመችውምም። «ደህና ይዋሉ ጋሼ» ብላ ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ ልጅቱ ጋ ደወልኩ።

«የፊቶቹ ስንት ገቡ?» አለች ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«አራት ነጥብ አንድ።»

«አራት ነጥብ አንድ!» ጮኸች። ከጀርባዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ላንቃው ላይ ነው ያስደገፉት አይደል?» አለችኝ።

ለእኔ! ከእኔ የተማረችውን! ጆሮዬ ጋለ።

«አዎ» አልኳት፤ «እንዴት ሌላ ይሆናል?»

ስልኩን ዘጋሁ። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሼ ግን ፋይሉን እንደገና ከፈትኩና ነጥቦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።